ኤሊዋን ላባረረልን ባለሙያ፦ ምስጋናም ጥቆማም

እጁ ይባረክ! በማሰልጠኛችን 12 ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስ የሚሰጠው ዊንዶውስ 11 ላይ በተጫነ ቨርቹዋልቦክስ (በዊንዶውሱ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አስመስሎ ሊኑክስን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ነው። መስኮት በማውስ ሲጎተት እየተንቀረፈፈ ይከተላል፣ የተተየበው ፊደል ዘግይቶ ይመጣል፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ማሽኖቹን ያየ ሁሉ መልሱ «ራም ጨምሩ» ነበር። ይህ ወንድማችን ግን አንድም ዕቃ ሳያስገዛ አስተካክሏቸው ሄደ። ተመሳሳይ ችግር ያለበት እንዲጠቀምበት የሠራውን እንጻፍ።

መጀመሪያ ያየው በመስኮቱ ግርጌ በስተቀኝ የምትታየዋን ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ ነው። ብዙ ሰው ጌጥ ትመስለዋለች። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ቨርቹዋልቦክስ ፕሮሰሰሩን ራሱ መያዝ ሲያቅተውና በዊንዶውሱ የራሱ ሃይፐርቫይዘር (ፕሮሰሰሩን ለውስጠኛ ማሽኖች የሚያከፋፍል ክፍል)፣ በሃይፐር-ቪ በኩል ለመዞር ሲገደድ ብቅ ትላለች። እሷ እያለች የግራፊክስ ሴቲንግ መነካካት ብዙም አይፈይድም። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍቶ፣ የዊንዶውስን አነሳስ በሚቀይረው የቢሲዲኤዲት ትእዛዝ «ሃይፐርቫይዘር ሎንች ታይፕ» የሚለውን ኦፍ አደረገ። በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ኮር አይሶሌሽን ውስጥ ያለውን ሚሞሪ ኢንተግሪቲም አጠፋና ሪስታርት አደረገ። ኤሊዋ ሄደች፣ በቦታዋ ቪ ያለባት ምልክት መጣች።

እዚህ ላይ ጥንቃቄው ደስ ይላል። ቡት ላይ ያለ ነገር ሲነካ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ቁልፍ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የሪከቨሪ ቁልፉ በእጅ መኖሩን ሳያረጋግጥ ምንም አልነካም። ሃይፐርቫይዘሩ ሲጠፋ ደብሊውኤስኤል 2 (ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬድ የማይክሮሶፍት መሣሪያ) እንደማይሠራ፣ የሚሞሪ ኢንተግሪቲ መጥፋትም የዊንዶውሱን ጥበቃ እንደሚቀንስ አስቀድሞ ተናግሯል። ደብሊውኤስኤል ለሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕ ሲነሳ የሚመረጥ፣ ሃይፐርቫይዘሩ የሚበራበት ሁለተኛ የቡት መስመር ሠራለት።

ቀጥሎ ሊኑክሱ ውስጥ ገብቶ ሜሳ-ዩቲልስ የሚባል መሣሪያ ጫነና በውስጡ ባለው የጂኤልኤክስኢንፎ ትእዛዝ «ሬንደረር» የሚለውን መስመር አየ። ኤልኤልቪኤምፓይፕ ይላል። ትርጉሙ ግራፊክሱን የሚስለው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው ማለት ነው፤ የፋኑ ጩኸት ከዚህ ነው። ራም ቢጨመር ይህ መስመር አይለወጥም።

ውስጠኛውን ማሽን አጥፍቶ በቨርቹዋልቦክሱ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ላይ ቪዲዮ ሚሞሪውን ከ16 ወደ 128 ሜጋ ከፍ አደረገ፣ የግራፊክስ ኮንትሮለሩን ቪኤምኤስቪጂኤ፣ ስሪዲ አክሰለሬሽኑን ኦን። ፕሮሰሰር ላይ ተሰጥቶ የነበረውን 4 ኮር ሁሉ ወደ 2 አወረደው። ላፕቶፑ ያለው 4 ኮር ብቻ ሆኖ ሁሉም ለውስጠኛው ሲሰጥ ዊንዶውሱ ይታፈናል፣ ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ።

ቀሪው ጌስት አዲሽንስ (ሊኑክሱ ከቨርቹዋልቦክሱ ጋር እንዲግባባ ውስጡ የሚጫን ሶፍትዌር) ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ሊኑክሱን አፕዴት አድርጎ ሪስታርት፣ ከዚያ ቢውልድ-ኢሴንሻል፣ ዲኬኤምኤስና የከርነሉ ሄደርስ (ሞጁሉን ለመገንባት የሚያስፈልጉ)፣ በመጨረሻ የጌስት አዲሽንሱ ሲዲ። ሄደርሱ ከሌለ ሞጁሉ አይሠራም፤ ስክሪኑም በትንሿ 800 በ600 ተቸንክሮ ይቀራል። የጌስት አዲሽንሱ ቨርዥንም ከቨርቹዋልቦክሱ ጋር አንድ ቢሆን ይመረጣል። ሲጨርስ ያው የ«ሬንደረር» መስመር ኤስቪጂኤ ስሪዲ ማለት ጀመረ፤ ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ላይ ወረደ ማለት ነው።

በሁለት ላፕቶፖች ላይ ስሪዲው ሲበራ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። እልህ አልተጋባም፦ ስሪዲውን አጥፍቶ በኖም ዴስክቶፕ ፈንታ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ ጫነ፣ ኮምፖዚቲንጉንም (የመስኮት ማስዋቢያውን) ዘጋ። ለተርሚናልና ለብራውዘር ከበቂ በላይ ነው።

የወደድንለት ደግሞ የማይሆነውን አይሆንም ማለቱ ነው። የስሪዲ መሥሪያውን ብሌንደርና የቪዲዮ ኤዲቲንግ ለሚማሩት «በዚህ አትድከሙ» ብሎ ሊኑክሱን ከዊንዶውሱ ጎን በቀጥታ እንዲጭኑ መከራቸው። ቨርቹዋልቦክስ እውነተኛውን ግራፊክስ ካርድ ለውስጠኛው ማሽን አያስረክብም። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ፍጥነቱ ቢወርድም ሴቲንጉ ተበላሸ እንዳይባል፣ የዊንዶውሱ ፓወር ሞድ መጀመሪያ እንዲታይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎልናል።

ሳይመረምር ዋጋ አይጠራም፣ የነካውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ይተዋል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እሱን አስፈቅደን እንሰጣለን። ከመደወላችሁ በፊት ግን የቢትሎከር ቁልፋችሁን አዘጋጁ፣ የማሽናችሁንም ፋይል በውጭ ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጉ፤ ያለዚያ ሥራ አይጀምርም።