ሞረድ፣ ቢላ ወይስ የብርጭቆ ወረቀት? የብረት ሚኒያቸር ከመቀባቱ በፊት በምን ይጽዳ

ሚኒያቸር ቀልጦ ፎርማ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የሚሠራ ትንሽ ምስል ነው። በ28 ሚሊሜትር መጠን ምስል ላይ የፎርማው ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር ይቀራል። ባዶው ብረት ላይ ብዙም አይታይም፤ ቀለም ሲያርፍበት ግን እንደ ጠባሳ ይወጣል። መሣሪያ ሲመርጡ ዋናው መለኪያ መስመሩን አንስቶ ዙሪያውን አለመንካቱ ነው።

አንድ ዕቃ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ቀጭን ሞረድ ይግዙ፤ ግማሽ ክብ፣ የጥርሱ ቁጥር 2። ጠፍጣፋው ፊት ለጋሻ፣ ጎባጣው ለልብስ እጥፋት ይሆናል። በስዊስ አቆጣጠር ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጥርሱ ይረቃል። 0 ለዚህ ለስላሳ ብረት ሸካራ ነው፤ 4 ለማጠናቀቂያ ያምራል፣ ግን ቶሎ ይደፈናል። የሞረድ ትልቁ ጣጣ ይኸው መደፈን ነው። ሚኒያቸር አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ለስላሳ ብረት) የበዛበት ቅይጥ ስለሆነ ብናኙ ጥርሶቹ መካከል ይጣበቃል፤ የተጣበቀው ደግሞ ያለሰለሱትን ቦታ መልሶ ይቧጭረዋል። ከመጀመርዎ በፊት ሞረዱን ጠመኔ ይቀቡት፤ እየሠሩም ቶሎ ቶሎ በናስ ሽቦ ቡርሽ የጥርሱን አቅጣጫ ተከትለው ይጥረጉት። ሲገፉ ብቻ ይጫኑ፣ ሲመልሱ ከብረቱ ላይ ያንሱት።

የአልማዝ ሞረድ ለሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ነገር) እና ለጠንካራ ብረት ይመቻል። ለቆርቆሮ ቅይጥ ግን ገንዘብዎን አያውጡበት፤ ብናኙ ወዲያው ይሞላውና መንሸራተት ይጀምራል።

ቢላ ሞረድ የማይደርስበት ይደርሳል። መስመሩ በቀለበት ጥሩር ላይ ካለፈ ሞረድ ቀለበቶቹን ደምስሶ ሜዳ ያደርጋቸዋል፤ በሹል ቢላ ጫፍ ግን እያንዳንዱን ቀለበት ለይቶ መፋቅ፣ የተደፈነውንም ቀዳዳ መልሶ መክፈት ይቻላል። ረጅም መስመር ላይ በስለቱ ሳይሆን በጀርባው ይፋቁ፤ ስለቱ ለስላሳውን ብረት ቆርጦ ይገባል። ቢላው እየዘለለ ተከታታይ ሰረዝ መተው ከጀመረ ጫናውን ቀንሰው ከሌላ አቅጣጫ ይምጡበት። ስለቱ የሚቀየር ዓይነት ይምረጡ፤ የደነዘ ስለት ብዙ ጉልበት ስለሚፈልግ አምልጦ ጣት ይቆርጣል።

የብርጭቆ ወረቀት ሁለቱን አይተካም፣ የተዉትን ጭረት ያጠፋል። የሸካራነት ቁጥሩ 400፣ ከዚያ 600 የሆነው በቂ ነው። በቀጭን ቆርጠው፣ ውኃ ነክረው ይጠቀሙ። ደረቅ ከሆነ ብናኙ ይነሳል፤ ብዙ የቆዩ ምስሎች ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለባቸው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ብረቱ ወደ ፎርማው ሲፈስ የቀሩትን ቀጫጭን ዘንጎች በመቁረጫ ፒንሳ ሲያነሱ 1 ሚሊሜትር ያህል ያስቀሩና በሞረድ ይጨርሱት። ከሥሩ ከቆረጡት ብረቱ ተቦጭቆ ጉድጓድ ይሆናል፣ እሱን መሙላት ደግሞ ከመሞረድ ይከብዳል።

በመጨረሻ ለብ ባለ ውኃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት። ሲደርቅ ስስ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚረጭ መነሻ ቀለም) አንድ ጊዜ ብቻ ይርጩ። ያመለጠ መስመር ካለ ያኔ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ እዚያው ሞርደው ቦታውን እንደገና ይርጩት።