ለፀጉርና ለጨርቅ ቃጫ ምርመራ የትኛው ማይክሮስኮፕ ይሻላል?

ከወንጀል ሥፍራ የተነሣ ፀጉርን ወይም የጨርቅ ቃጫን ለመመርመር ላቦራቶሪ የሚያደራጅ ተቋም በዋናነት የሚመርጠው ከስቴሪዮ፣ ከፖላራይዝድ ብርሃን እና ከማነጻጸሪያ ማይክሮስኮፕ ነው። ሦስቱ የሚመልሱት ጥያቄ ስለሚለያይ በማጉላት አቅማቸው ብቻ አወዳድሮ መግዛት ያሳስታል።

ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ናሙና የሚፈለግበትና የሚነሣበት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 እጥፍ የሚያጎላ ሲሆን በሌንሱና በናሙናው መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለው መርማሪው ከልብስ ላይ አንዲት ቃጫ በወረንጦ ማንሣት ይችላል። ዋጋው ከሦስቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ያለ እሱም ሥራው አይጀመርም።

የቃጫውን ዓይነት የሚለየው ፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ነው፤ በእኔ እምነት ከበጀቱ አብዛኛው ሊውል የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ የሚያደርጉት ሁለቱ ማጣሪያዎች ተሻግረው መስኩ ሲጨልም፣ ጥጥ እንደተጠማዘዘ ጥብጣብ ይታያል፣ ናሙናው ያረፈበት መድረክ ቢዞርም ሙሉ በሙሉ አይጨልምም፤ ናይለን በደማቅ ቀለማት ሲያበራ አክሪሊክ ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ማጣሪያዎቹ ሲወጡ ደግሞ ፀጉርን እስከ 400 እጥፍ አጉልቶ ለማየት ያገለግላል፦ የሰው ፀጉር ሜዱላ (የፀጉሩ መካከለኛ እምብርት) በአብዛኛው ከፀጉሩ ስፋት ከአንድ ሦስተኛ ሲያንስ፣ የብዙ እንስሳት ግን ከግማሽ ይበልጣል። በተራ የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ ላይ ሁለት ማጣሪያ ጨምረው «ፖላራይዚንግ» ብለው የሚሸጡ ስላሉ፣ በዲግሪ የተከፋፈለ የሚሽከረከር ክብ መድረክ፣ የኮምፔንሴተር (በቃጫው ውስጥ የሚፈጠረውን የብርሃን መዘግየት ለመለካት የሚገባ ክሪስታል) ማስገቢያ እና ውስጣዊ ውጥረት የሌለባቸው ሌንሶች ከሌሉት አይግዙት።

ማነጻጸሪያ ማይክሮስኮፕ ሁለት ማይክሮስኮፖችን በኦፕቲካል ድልድይ አገናኝቶ ከሥፍራው የተገኘውንና ከተጠርጣሪው የተወሰደውን ናሙና ጎን ለጎን በአንድ መስክ ያሳያል። ቀለምን በትዝታ ማወዳደር ስለማይቻል ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ከመረከብዎ በፊት ከአንድ ክር የተቆረጡ ሁለት ቃጫዎችን በሁለቱም መድረክ ላይ አስቀምጠው ይመልከቱ፤ የመብራቶቹ ቀለም ጥቂት እንኳ ከተለያየ መሣሪያው የሌለ ልዩነት ይፈጥራል።

ሻጭ ማንኛውንም ቢናገር፣ አንዱም ማይክሮስኮፕ ፀጉር የእገሌ ነው ብሎ አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) ጥናት በማይክሮስኮፕ ተመሳሳይ ከተባሉ 80 ፀጉሮች 9ኙን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ (ከእናት ብቻ የሚወረስ ዲኤንኤ) ምርመራ የተለያዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። ኤፍ.ቢ.አይ. ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረገው ግምገማም ከታዩት የችሎት መዛግብት ቢያንስ በ90 በመቶው መርማሪዎቹ ከሳይንሱ ያለፈ ምስክርነት ሰጥተው ነበር። የሰው ነጻነት የሚወሰነው በዚህ ቃል ስለሆነ፣ ለፀጉር ሥራ ውድ ማነጻጸሪያ ከመግዛት ይልቅ ገንዘቡን ለዲኤንኤ ምርመራ ማዋል ይሻላል።

የጨርቅ ቃጫ መዝገብ በብዛት ለሚቀርብለት ላቦራቶሪ ግን ማነጻጸሪያው ተገቢ ነው፤ ለዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ማቅለሚያዎች ሊለያዩ ስለሚችሉ ከማይክሮስፔክትሮፎቶሜትር (የጥቃቅን ናሙናን ቀለም በብርሃን ሞገድ ርዝመት ከሚለካ መሣሪያ) ጋር ሊገጠም የሚችለውን ሞዴል ይምረጡ።