ለልጄ "ቲቸር" ምስጋና፣ ለባህር ዳር ወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የባህር ዳር ሰዎች እንዴት ከረማችሁ። እኔ ፖስት ማድረግ ብዙም አይሆንልኝም፣ ሌላው የጻፈውን አንብቤ ላይክ አድርጌ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን ይቺን ልጅ ሳላመሰግናት ብቀር እግዜርም አይወደው። ስሜን እንዳትጽፊ ብላ ስላስማለችኝ ልጆቹ እንደሚጠሯት ቲቸር ልበላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ስለ ንግድና ስራ ፈጠራ የምታስተምር ናት።

እውነቱን ልናገርና ልጄን ልልካት አልፈለኩም ነበር። አምና እዚሁ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሁለት ቀን የኢንተርፕርነርሺፕ ስልጠና ተብሎ 800 ብር ከፍዬ፣ ልጅት ቲሸርትና ሰርተፍኬት ይዛ መጣች። ምን ተማርሽ ስላት "ትልቅ አስቡ ተባልን" አለችኝ። በቃ ይሄው ነው! ከዛ ወዲህ ኢንተርፕርነር የሚል ቃል ስሰማ ቦርሳዬን ነበር ጠበቅ አድርጌ የምይዘው።

ይቺኛዋ ግን የመጀመሪያ ቀን እኛን ወላጆችን ሰብስባ ምን ብትል ጥሩ ነው፣ ልጆቻችሁ እኔ ጋ መጥተው ሀብታም አይሆኑም፣ ንግድ ፈቃድ ለማውጣትም 18 ዓመት መሙላት አለባቸው፣ እዚህ የሚማሩት ሂሳብ መያዝና ሰው መጠየቅ ነው አለች። እኔ እዛው ወደድኳት። አሰራሩን ስታስረዳን አሜሪካ ጁኒየር አቺቭመንት የሚባል ድርጅት ከ1919 ጀምሮ ተማሪዎችን ትንሽ ካምፓኒ እያስቋቋመ፣ አክሲዮን እያሸጠ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሂሳብ አዘግቶ ካምፓኒውን እያስፈረሰ ያስተምር እንደነበር ነገረችን፣ እሷም እሱን ወደኛ ሀገር እቁብ አስጠግታ ነው የምትሰራው። ራሷም ኢምፕሬቴክ የሚባለውን የተመድ ስልጠና ወስዳለች፣ አስር የኢንተርፕርነር ባህሪያት አሉት ብላ ግድግዳ ላይ ለጥፋለች፣ እኔ ግን ያንን ወረቀት ሳይሆን ቆሎውን ነው ላወራችሁ የመጣሁት።

የልጄ ቡድን አራት ናቸው። ቆሎ እንሸጣለን አሉ። አክሲዮኑ 50 ብር ሆኖ አስራ ሁለት አክሲዮን ሸጡ፣ እነሱ ሁለት ሁለት፣ እኛ እናቶች አንድ አንድ ገዛን፣ 600 ብር ሞላ። ቲቸር ሳትሰሩ በፊት ሄዳችሁ ሃያ ሰው ጠይቁ ብትላቸው ቸኩለው እምቢ አሉ፣ እሷም ተከራክራ አላስጨነቀቻቸውም፣ ስሩ አለቻቸው። ቅዳሜ ገበያ ወርደው 3 ኪሎ የተፈተገ ገብስ፣ 1 ኪሎ ሽምብራ፣ ግማሽ ኪሎ ኦቾሎኒና ማሸጊያ ላስቲክ በ560 ብር ገዙ፣ እኔ ቤት ዓባይ ማዶ ቆሉት፣ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ፣ 60 ላስቲክ አሽገው በአስር አስር ብር ሐይቁ ዳርና ትምህርት ቤት ሸጡ። 600 ብር! 40 ብር አተረፍን ብለው ጨፈሩ።

ቅዳሜ ቲቸር ጋ ሲሄዱ መዝገባቸውን አየችና "ከሰሉ የታል?" አለች።

የእማዬ ነው አለች ልጄ።

እማዬ ከሰሉን ከዛፍ ቆርጣ ነው የምታመጣው? ጻፊ፣ 80 ብር። ሐይቅ ዳር በምን ሄዳችሁ፣ በባጃጅ፣ ጻፊ፣ 60 ብር። ደምረው ሲያዩት ወጪው 700 ደረሰ፣ 100 ብር ከስረዋል። ያውም የአራት ልጅ ግማሽ ቀን ጉልበት ሳይቆጠር፣ ያውም ከ60ው 11ዱ የክፍል ጓደኛ በዱቤ የበላው ሆኖ (ዱቤው በኋላ በስንት ውትወታ ተከፍሏል)። ልጄ ማታ ቤት ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ፣ 80 ብር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ምንድነው ስላት የከሰልሽ አለችኝ፣ አልቀበልም ብላት ቲቸር "እናትሽ ካልተቀበለች ሂሳቡ ውሸት ነው" ብላለች አለች። ተቀበልኩ፣ ምን ላድርግ።

ከዛ በኋላ ነው ወደ ጥያቄው የሄዱት፣ ይሄን ነገር ብዙዎቻችን ነጋዴዎች እንኳን የምናውቀው አይመስለኝም። ቆሎ ብንሸጥላችሁ ትገዙናላችሁ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁ አለቻቸው፣ የኛ ሰው ይሉኝታ አለው፣ ልጅ አሳፍሮ አይመልስም፣ አዎ የኔ ልጅ ይላል፣ ስትመጡ ግን አይገዛም። ይልቅ ትናንት ምን ገዛችሁ፣ ከማን፣ በስንት በሉ። ማታ ማታ ሰው አየር የሚቀበልበት አዲሱ ድልድይ ላይ (በ2016 ግንቦት የተመረቀው) እና ሐይቁ ዳር ዞረው ሲጠይቁ ለካ ትናንት ቆሎ የገዛ መንገደኛ የለም ማለት ይቻላል፣ ገዢዎቹ ጀበና ቡና የሚሸጡት ሴቶች ናቸው! ለቡናው ቁርስ በየቀኑ ቆሎ ያቀርባሉ፣ እቤት ለመቁላት ጊዜ የላቸውም፣ በኪሎ ነው የሚፈልጉት፣ ኦቾሎኒውንም አይፈልጉም።

በቃ አስር አስር ብሩን ተዉት፣ ለቡና ሴቶቹ ኪሎውን በ180 ማስረከብ ጀመሩ፣ ገዢዎቹም እዚሁ ሰፈራችን ስለሆኑ ባጃጅ ቀረ፣ ከሰሉ ተከፍሎም በሳምንት 200 ብር። አንድ ሳምንት ስልክ ሲያዩ አሳረሩትና 400 ብር ገደል ገባ፣ ያረረውን ከደህናው ቀላቅለን እንሽጠው ያለ ልጅ ነበር (የኔዋ ናት፣ አልደብቅም)፣ ቲቸር ሰምታ አልጮኸችባትም፣ አንዷ ቡና ሻጭ ጋ ይዛት ሄዳ ቆሎውን አስቀምሳ ትገዢዋለሽ ወይ ብላ ልጄ ፊት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ምን እንዳለች እዚህ አይጻፍም።

የሌላው ቡድን ደግሞ ከደንገል ትንንሽ ታንኳ ሰርተን ለቱሪስት እንሸጣለን ያሉ ወንዶች ነበሩ፣ የአንዱ አባት ታንኳ ሰሪ ነው፣ እጃቸውም ያምራል። ሁለት ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ጋ ተቀምጠው የሚመጣ የውጭ ሰው ቆጠሩ፣ በሁለቱ ቅዳሜ 7 ሰው። አንዲት ታንኳ እንኳን ሳይሰሩ ሃሳቡን ጣሉት። እና ቲቸር ምን አደረገች፣ ክፍሉን አስነስታ አስጨበጨበችላቸው። እኔ ያኔ ልጄን ልወስድ ገብቼ ነበር፣ ለተወ ሰው ሲጨበጨብ አይቼ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ችግሩ ወደኔ መጣ። ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ልጅት ደብተር ይዛ መጥታ እማ ከሱቁ ለቤት የምናወጣው ስኳርና ዘይት የት ነው የሚጻፈው አለችኝ። የትም አይጻፍም፣ የራሴ ሱቅ ነው አልኳት። አንድ ወር ጻፈችው፣ 1,900 ብር ሆነ። እኔ ደግሞ ሱቋ አላተርፍ አለችኝ፣ ምቀኛ አለብኝ እያልኩ በየቤተክርስቲያኑ ጸበል ስለምን ከረምኩ፣ ሰዎች አትሳቁብኝ።

በአስረኛው ሳምንት ካምፓኒው ፈረሰ፣ ሂሳቡ ተነበበ፣ የኔ 50 ብር 125 ሆና ከነፊርማዋ ተመለሰች። ያቺን ወረቀት ሱቄ ውስጥ ለጥፌያታለሁ።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው አልልም። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ከ15 ልጅ በላይ አትቀበልም፣ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አትሰጥም (አንዳንድ ወላጅ በዚህ ተቆጥቶ ልጁን አስወጥቷል፣ እኔ አልፈርድም)። ክፍያው በወር 300 ብር ነው፣ አቅም የሌለው ደግሞ በሹክሹክታ ያናግራታል እንጂ ሰው ፊት አታሳፍርም። እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽው፣ ውለታሽን እግዚአብሔር ይክፈልልሽ፣ ልጅሽን በእጅሽ ያሳቅፍሽ፣ ለኔም ለልጄም አስተምረሻል።

የክረምቱን ምዝገባ ጀምራለች፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝና እሷን ጠይቄ ስልኳን እልክላችኋለሁ። 8 ሰዓት ካለች 8 ሰዓት ነው፣ እኔ አንዴ 5 ደቂቃ አሳልፌ ልጄን አድርሼ በሩ ተዘግቶ ሁለታችንም ውጪ ቀርተናል።