ስታዲየም አካባቢ ያለ የቪዛ አማካሪ፦ ለፎርሙ ይሁን፣ ለኢንተርቪው ግን አልመክርም

ታናሽ እህቴ ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ስታመለክት ስታዲየም አካባቢ ካሉት አማካሪዎች በአንዱ ተጠቅመናል። ስሙን አልጠቅስም። ያየነውን ግን ልጻፈው፣ ልጁን ይዞ እዚያ ሰፈር ፎቅ ለፎቅ የሚዞር ወላጅ ብዙ ነው።

ፎርም የምትሞላው ልጅ ጎበዝ ናት። ዲኤስ 160 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ፎርም መሙላት ራሱ ነፃ ነው፣ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሞላዋል። እሷ ግን ገና ወረቀቱን እንዳየች የእህቴ ስም ፓስፖርቷና ትራንስክሪፕቷ ላይ በተለያየ ስፔሊንግ መጻፉን ነገረችን። የእኛን ስም በእንግሊዝኛ ሁሉም እንደመሰለው ስለሚጽፈው ይሄ የብዙ ተማሪ ጣጣ ነው። ቀኖቹንም አንድ በአንድ አየች፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ ሲቀየር በአንድ ቀን ከተዛነፈ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ምልልስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለዚህ የከፈልነው አይቆጨኝም።

ዋጋው ላይ ግን ተናድጃለሁ። የኤምባሲውን፣ የሴቪሱን (አሜሪካ የውጭ ተማሪዎችን የምትመዘግብበት ሥርዓት ክፍያ) እና የራሳቸውን ጠቅልለው አንድ ዋጋ ይጠራሉ። ለየብቻ ንገሩን ስንል ፊታቸው ተቀየረ። እናንተም አስለዩዋቸው፦ የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው፣ የሴቪሱ 350። ከዚያ የተረፈው የእነሱ ነው። ቪዛው ቢከለከልም 185ቱ አይመለስም። የሴቪሱን ግን ለዚያው ዓይነት ቪዛ በ12 ወር ውስጥ ደግማችሁ ካመለከታችሁ እንደገና አትከፍሉም። ይሄን ማንም አልነገረንም፣ ራሴ አንብቤ ነው ያገኘሁት።

የኢንተርቪው ልምምዱ በጣም ደካማ ነው። የተጻፈ መልስ ሰጥተው ሸምድጂው አሏት። ለምን ይህን ዩኒቨርሲቲ መረጥሽ ለሚለው የተሰጣት መልስ፣ ከእሷ በፊት ለገባው ልጅ የሰጡት ራሱ ነው፤ እሱ ኢንጂነሪንግ፣ እሷ ነርሲንግ! ቆንስላው ፊት የሚገኘው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ሰዓት እውነተኛ ተማሪ መሆኗንና ትምህርቷን ጨርሳ እንደምትመለስ ማሳመን ያለባት እሷው ናት። የሰው ቃል ሸምድዶ የሄደ ልጅ አንድ ያልጠበቀው ጥያቄ ሲመጣበት ይደነግጣል። ወረቀቱን ትተን ማታ ማታ እኔና እናታችን እየጠየቅናት በራሷ አፍ መመለስ ለመደች። ቪዛውን አገኘች።

ከሁሉም ያስፈራኝ ሌላ ነው። የአባታችን የባንክ ስቴትመንት ትንሽ አነሰ ሲባል፣ አንዱ ሠራተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሱን እኛ እናስተካክለዋለን" አለን። እባካችሁ እንዲህ ስትባሉ ተነሥታችሁ ውጡ። በአሜሪካ ሕግ በሐሰተኛ ሰነድ ቪዛ መጠየቅ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ሰውየው ነገ ቢሮ ቀይሮ ሥራውን ይቀጥላል፣ መዝገብ ላይ የሚቀረው የልጃችሁ ስም ነው።

ለፎርሙ ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ አለ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ፓስፖርትና ዲግሪ እኛ ጋ ይቆይ ካሏችሁ ኮፒውን ሰጥታችሁ ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ውጡ፤ የኢሜይል ፓስወርዳችሁንም አትስጡ።