ኤምአርአይ ወይስ ዳትስካን? ፓርኪንሰን በምስል ሲታይ

እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አባት ኤምአርአይ ተነሥተው «አንጎልዎ ደህና ነው» ሲባሉ ቤተሰቡ እፎይ ይላል። እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ እንቅስቃሴን በሚያውከው የአንጎል ሕመም፣ በፓርኪንሰን፣ መጀመሪያ ላይ የተለመደው ኤምአርአይ ብዙውን ጊዜ እንከን አያሳይምና።

ኤምአርአይ በመግነጢስ ኃይል የአንጎልን ቅርጽ ያነሣል፤ ጎጂ ጨረር የለውም። ትልቁ ውለታው ፓርኪንሰን የሚመስሉ ሌሎች ችግሮችን ማጋለጡ ነው፦ ስትሮክን፣ እጢን፣ በአንጎል ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽን።

ዳትስካን የሚመለከተው ቅርጽን ሳይሆን ሥራን ነው። በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን 123 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት፣ በፓርኪንሰን የሚጎድለውን የእንቅስቃሴ ኬሚካል ዶፓሚንን በሚያመነጩ ነርቮች ጫፍ ላይ ይጣበቃል፤ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ከቆየ በኋላ ምስሉ ይነሣል። በጤነኛ ሰው አንጎል መሀል ሁለት ግማሽ ጨረቃዎች ደምቀው ይታያሉ። በፓርኪንሰን ጊዜ የጨረቃዎቹ የኋላ ጭራ ቀድሞ ይደበዝዝና ክብ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ይበልጥ የሚደበዝዘውም አብዛኛውን ጊዜ ከሚንቀጠቀጠው እጅ በተቃራኒ ያለው ወገን ነው። ይህን ልዩነት ጎን ለጎን ያየ ሰው አይረሳውም።

አሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው ይህ ምርመራ ፓርኪንሰንን ዶፓሚን ካልጎደለበት መንቀጥቀጥ ይለያል። ፓርኪንሰንን ከቅርብ ዘመዶቹ ሕመሞች፣ ለምሳሌ የመሀል አንጎልን ከሚያሳሳው ሕመም፣ ለመለየት ግን አቅም የለውም። እዚያ ላይ ኤምአርአይ ይበልጠዋል።

እኔ ብጠየቅ ኤምአርአይን አስቀድማለሁ፤ ዳትስካንን የነርቭ ሐኪሙ መርምሮ ሲጠራጠር ብቻ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች የዳትስካንን ውጤት ስለሚያዛቡ የሚወስዱትን ሁሉ አስቀድመው ይንገሩ።