ኦብሊክ ስትራቴጂስ፦ ሥራ አልሄድ ሲል የሚወጣ ዕጣ

ትንሽ ጥቁር ሳጥን ናት። ውስጧ ከመቶ በላይ ካርዶች አሉ፤ ጀርባቸው ጥቁር፣ ፊታቸው ነጭ፣ ነጩ ላይ አንድ አጭር ሐሳብ። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖና ሠዓሊው ፒተር ሽሚት መጀመሪያ ያሳተሟት እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን የዚያን ጊዜው እትም 500 ቅጂ ብቻ ነበር። በኋላ ደጋግማ ታትማለች፤ ዛሬም ትሸጣለች።

ገዝቶ ካርዶቹን እንደ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው ያዝናል። ብዙዎቹ ለብቻቸው ሲነበቡ ተራ ምክር ናቸው። የሳጥኗ ዋጋ ያለው አብሯት በሚመጣው ደንብ ላይ ነው፦ ሥራው ሲቆም ካርዶቹን በውዞ አንድ መምዘዝ፣ የወጣው ካርድ ለጉዳዩ የሚሆን ባይመስልም አምኖ መከተል። ዕቁብ የሚጥል ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዕጣው ከወጣ በኋላ «ይህስ ይቅር፣ ሌላ ይውጣ» አይባልም።

የጎንዮሽ አስተሳሰብን፣ ማለትም ችግርን ከለመደው መንገድ ወጥቶ በሌላ በኩል ማየትን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ስም ሰጥቶ ያስተዋወቀው ደራሲ ኤድዋርድ ደ ቦኖ፣ ያንኑ ጉድጓድ የበለጠ ማጥለቅ ሌላ ቦታ መቆፈርን አይተካም ይል ነበር። ችግሩ፣ ሌላውን ቦታ የሚመርጠውም ያው የለመደ አእምሮ መሆኑ ነው። ዕጣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ካርዱ የእኛን ልማድ አያውቅም።

አጠቃቀሙን በምሳሌ እንየው። በትዝታ ቅኝት የተሠራ ዘፈን አለ፤ አዝማቹ አልነሳ ብሏል። መጀመሪያ ችግሩን በአንድ መስመር መጻፍ፦ «አዝማቹ ከስንኙ አይለይም።» ቀጥሎ እስካሁን የተሠራውን በሌላ ስም ማስቀመጥ፤ መመለሻ ከሌለ ማንም አይደፍርም። ከዚያ መበወዝ፣ አንድ መምዘዝ። የወጣው «ኖታ ቀንስ» የሚለው ነው እንበል። ቶሎ የሚመጣው ትርጉም ኪቦርዱን ማጥፋት ነው፤ እዚያ ላይ መቆም ግን ስህተት ነው። ሦስት ትርጉም እስኪገኝ ይጻፍ፦ መሣሪያ መቀነስ፤ መሣሪያው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ክራሩ ከአምስቱ ድምፆች በሁለቱ ብቻ እንዲመታ ማድረግ፤ ወይም የግጥሙን ቃላት ማሳጠር። ከሦስቱ እጅ ወዲያው ሊጀምረው የሚችለውን መርጦ ሃያ ደቂቃ ሰዓት ሞልቶ መሥራት። ክራሩ ሁለት ድምፅ ላይ ሲታሰር፣ ቤዙም የችክችካውን መነሻ ብቻ ሲይዝ፣ ዘፋኙ ድምፁን የሚያንቀሳቅስበት ቦታ ያገኛል። ባይሳካም እንኳ ስንኙ ምን ያህል ታጭቆ እንደነበር ጆሮ ይሰማል፤ ማስተካከያው እዚያ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ጥቅሙን የሚያጠፋው ደጋግሞ መምዘዝ ነው። ደስ የሚል ካርድ እስኪመጣ ድረስ የሚመዝ ሰው፣ መጨረሻ ላይ የሚይዘው ያለ ካርዱም ሊያደርገው ያሰበውን ነው። ሁለተኛው ስህተት ገና ሥራ ሳይጀመር መምዘዝ ነው። ካርዱ ያለውን ነገር ይገፋል እንጂ ከባዶ አያወጣም። በቡድን ሲሆን ደግሞ አንድ ካርድ መዝዞ ለሁሉ ማንበብ ወደ ክርክር ይወስዳል። እያንዳንዱ የራሱን መዝዞ ቢደብቅ ይሻላል። ኢኖና ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ እ.ኤ.አ. በ1977 በምዕራብ በርሊን «ሂሮስ» የተባለውን አልበም ሲሠሩ አንዱን የመሣሪያ ሙዚቃ ያቀናበሩት እንዲህ ነው፦ ተራ በተራ ድምፅ እየጨመሩ፣ እያንዳንዱ ካርዱን ደብቆ። በኋላ ሲያዩት የአንዱ ካርድ ሁሉንም አመሳስል፣ የሌላው ልዩነቱን አጉላ የሚል ሆኖ ተገኘ። ሙዚቃው ላይ ያለው ውጥረት ከዚያ የመጣ ነው።

ድክመቷም አለ። አንዳንዶቹ ካርዶች ከስቱዲዮ አይወጡም፤ ስለ ግራ፣ ቀኝና መሃል የድምፅ ቻናል የሚያወራው ለጨርቅ ዲዛይነር ምን ይሠራለታል? «ውሃ» ብቻ የሚለው ካርድም ጀማሪን ያደነዝዛል። መውጫው የነገሩን ጠባይ መዘርዘር ነው፤ ውሃ ዝቅ ያለውን ቦታ ይፈልጋል፣ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል፣ ቆሻሻ ይወስዳል፤ ከእነዚህ አንዱን ወደ ሥራው ማምጣት። የሕንፃ ምሰሶ ጭነት ሲሰላ ወይም የመድኃኒት መጠን ሲወሰን ግን ካርድ ከሳጥኗ አይውጣ።

ለእኛ ትልቁ ችግር ቋንቋው ነው፤ እንግሊዝኛ ስለማይገባ ሳይሆን የትእዛዝ አንቀጹ ወደ አማርኛ ሲመጣ ስለሚጠብ ነው። እንግሊዝኛው ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም አንድ ነው። አማርኛው «ቀንስ» ወይስ «ቀንሺ»? «ይቀንሱ» ቢባል የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል። የሚሻለው በራሳችን «ቢ…ስ» መጠየቅ ነው፦ «ግማሹ ቢቀርስ?» «ስህተቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ቢሆንስ?» እንዲህ ሲባል ካርዱ አያዝም፣ ይጋብዛል፤ ጾታም አይመርጥም።

ስለዚህ ሳጥኗን ከመግዛት በፊት አርባ ካርድ በአማርኛ መሥራት ይመከራል። ኤ4 ወረቀት ለስምንት ሲቆረጥ እያንዳንዱ 7.4 በ10.5 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ አምስት ወረቀት ይበቃል። የወረቀቱ ክብደት በካሬ ሜትር 250 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ የተለመደው 80 ግራም ጽሑፉን ከጀርባ ያሳያል፣ ያኔ ዕጣ መሆኑ ቀረ። ሠላሳ አምስቱ ይጻፍባቸው፤ አምስቱ ባዶ ይቆዩ፣ ሥራ መሃል ላይ የተገኘ መውጫ ዕለቱኑ እንዲጻፍባቸው።