ለመዋኛ ገንዳ ፓምፕ፦ አዲስ ባለተለዋዋጭ ፍጥነት ይገዛ ወይስ አሮጌው በድራይቭ ይሽከርከር?

ከሁለት ዓመት በፊት በ42,000 ብር የገዛሁት የገንዳ ፓምፕ በአራተኛ ወሩ ተቃጠለ። እዚሁ ባሕር ዳር ሞተር የሚጠቀልል ወዳጄ ክዳኑን ፈትቶ አንዱን ሽቦ በምላጭ ሲፍቀው፣ ከቀዩ ሽፋን ሥር ነጭ ብረት ብቅ አለ። መዳብ ተብሎ የተሸጠልኝ አሉሚኒየም ነበር። ከዚያ ወዲህ በጣና ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ወዳጆቼ ሞተራቸው በደከመ ቁጥር እየደወሉ ያንኑ ጥያቄ ስለሚጠይቁኝ፣ መልሴን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስፈር መረጥሁ።

ምርጫው ሦስት ነው፦ እንደ ቀድሞው ባለአንድ ፍጥነት ፓምፕ መግዛት፣ ፍጥነቱ የሚስተካከል አዲስ ፓምፕ ሙሉውን መግዛት፣ ወይም ያለውን ፓምፕ ሳይጥሉ ሞተሩን ወደ ሦስት ፌዝ አስጠቅልሎ በድራይቭ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚሄደውን መብራት እየለወጠ ፍጥነቱን በሚያስተካክል መሣሪያ፣ ማሽከርከር። እኔ ለሦስተኛው አደላለሁ፤ ዋናው ምክንያቴም ዋጋ ነው።

የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው ውኃም በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚፈልገው ጉልበት ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 12 ሜትር በ6 ሜትር የሆነና በአማካይ 1.4 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ 100 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይይዛል። በሰዓት 20 ሜትር ኩብ የሚገፋ ባለ1.5 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ በቀን 10 ሰዓት ሠርቶ ይህን ውኃ ሁለት ጊዜ ያዞረዋል፤ ከመስመር የሚስበው 1.4 ኪሎዋት ያህል ስለሆነም ቆጣሪው በቀን 14 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። በግማሽ ፍጥነት 20 ሰዓት ቢሠራ ያንኑ ያህል ውኃ ያዞራል። የሞተሩና የድራይቩ ብክነት ስላለ ያ አንድ ስምንተኛ እንዳለ አይገኝም፤ በራሴ ፓምፕ ላይ የለካሁት 280 ዋት ገደማ ሲሆን፣ ይህ በቀን 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ልዩነቱ በዓመት ከ3,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም መግቢያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስለጨመረ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ደረሰኝ ያስላ፤ እኔ ለሂሳብ እንዲመች አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር አድርጌ ብይዘው ቁጠባው በዓመት 15,000 ብር ያህል ይሆናል።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። ባለፈው ወር ሳጠያይቅ ደህና የሚባል ባለአንድ ፍጥነት ፓምፕ 58,000 ብር፣ ፍጥነቱ የሚስተካከለው አዲስ ፓምፕ ደግሞ 190,000 ብር ተባልሁ። የሁለቱ ልዩነት 132,000 ብር ስለሆነ፣ በዓመት 15,000 ብር እየቆጠቡ ለመመለስ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሦስተኛው መንገድ ግን አሮጌውን ሞተር በመዳብ ለማስጠቅለል 12,000፣ ለድራይቭ 27,000፣ ለሣጥን፣ ለብሬከርና ለኬብል 9,000፣ በድምሩ 48,000 ብር አስወጥቶኛል። ሞተሩ ደህና ሆኖ ለቁጠባ ብቻ ለሚያስቀይር ሰው ወጪው በሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ይመለሳል። ሞተሩ ለተቃጠለበት ሰው ግን ከአዲሱ ባለአንድ ፍጥነት ፓምፕ እንኳ 10,000 ብር ስለሚረክስ፣ ገና ከመነሻው አትራፊ ነው።

ዘጠኙ ዓመት ደግሞ ምንም ሳይበላሽ ነው። የአዲሱ ፓምፕ ሞተር በቋሚ ማግኔት የሚሠራ፣ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱም በጀርባው የተገጠመ በመሆኑ፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ለብቻው መሞከር አይቻልም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ካርዱ የተቃጠለበት አንድ ወዳጄ ፓምፑን ወደ አዲስ አበባ ልኮ ከሁለት ወር በኋላ ያገኘው መልስ ካርዱ ከውጭ አገር መምጣት እንዳለበት ነው፤ የካርዱም ዋጋ ከአዲስ ባለአንድ ፍጥነት ፓምፕ ይበልጥ ነበር። በእኔ መንገድ ድራይቩ ሲሞት ሌላ ድራይቭ ይገዛል፤ ሞተሩ ሲቃጠል እዚሁ ይጠቀለላል፤ ኩሽኔታውም ከማንኛውም መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች ግን አሉ። ካፓሲተር ያለውን ባለአንድ ፌዝ ሞተር እንዳለ ከድራይቭ ጋር ማገናኘት አይቻልም፤ ለዚህ ነው ማስጠቅለል ያስፈለገው። ጠቅላዩ ሞተሩን ለ220 ቮልት በዴልታ (ሦስቱ ጥቅሎች በሦስት ማዕዘን በሚያያዙበት መንገድ) እንዲጠቀልለው ከወዲሁ መንገር ይገባል፤ ከአንድ ፌዝ መስመር ገብቶ ሦስት ፌዝ የሚያወጣው ድራይቭ የሚሰጠው 220 ቮልት ነውና። ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማስገባትም አያስፈልግም። ሱቅ ውስጥ ለሦስት ፌዝ መግቢያ የተሠራውን ድራይቭ «ለአንድ ፌዝም ይሆናል» ብለው ሊሰጡ ይችላሉ፤ ይሆናል፣ ነገር ግን አቅሙ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። በተጨማሪ የድራይቭ አቅም ብዙውን ጊዜ የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ሲሆን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል፤ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ይቀነሳል። ስለዚህ ለ1.1 ኪሎዋት (1.5 ፈረስ ጉልበት) ሞተር ባለ2.2 ኪሎዋት ድራይቭ ገዛሁ፤ የዋጋው ልዩነት ያን ያህል አልነበረም።

ድራይቩ ከፓምፑ ጉድጓድ ወጥቶ በተዘጋ ሣጥን ግድግዳ ላይ መሰቀል አለበት። የመጀመሪያውን ሣጥን የኬብል መግቢያውን ሳልደፍን ትቼው ነበር፤ በሐምሌ አንድ ቀን ሥራ ሲያቆም ከፍቼ ባየው፣ ሙቀት ፍለጋ የገባች እንሽላሊት በሁለት ተርሚናሎች መካከል ደርቃ አገኘሁ።

ለፎርጅድ ዕቃ ምላጭ ከማንሳት በፊት የሚሠራ ፈተና አለ፤ እርሱም ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። 1.5 ፈረስ ጉልበት 1,100 ዋት ስለሆነ፣ ባለአንድ ፌዝ ሞተር በ220 ቮልት ምንም ብክነት ባይኖርበት እንኳ 5 አምፔር ይፈልጋል፤ እውነተኛው 7 አምፔር አካባቢ ይስባል። የእኔው 4 አምፔር ይል ነበር፤ ያን ጊዜ አላነበብሁትም።

ገንዳውን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚከፍት ሰው ባለአንድ ፍጥነቱ ይበቃዋል፤ ለመቆጠብ መጀመሪያ መሥራት ያስፈልጋል። ድራይቩን ውኃ ወደ ሮቶ ለሚያወጣ ፓምፕ ሊገጥም የጠየቀኝንም ወዳጄን እንዲተወው መክሬዋለሁ። የገንዳ ውኃ ዞሮ ወደዚያው ስለሚመለስ ፓምፑ የሚታገለው ከቧንቧውና ከአሸዋ ማጣሪያው ጋር ብቻ ነው፤ ሮቶው ግን ከፎቅ ላይ ስለተቀመጠ ፍጥነቱ ሲቀንስ ውኃው መንገድ ላይ ይቀራል።

የእኔ ፓምፕ ሲነሳ አምስት ደቂቃ በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሙሉ ፍጥነቱ፣ ሠርቶ አየሩን ካስወጣ በኋላ ወደ 25፣ ማለትም ወደ ግማሹ፣ ይወርዳል፤ ማጣሪያው በሚታጠብበት ቀን ብቻ በእጅ ወደ 50 እመልሰዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ እንዲነሳ የሚያዝዘው ማስተካከያ ግን ከፋብሪካ ሲመጣ ተዘግቶ ነበር፣ የሸጠልኝም ሰው አልነገረኝም። ጥምቀትን ጎንደር አክብሬ በአራተኛው ቀን ስመለስ ገንዳው አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ።